«የተፈቀደ» የምትለዋን ቃል ለጻፉልን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የታሸጉ ምግቦች መለያ ጽሑፍ ፈቃድ መምሪያ ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቆዳዎን አያሳክክዎትም? ከምሳ በኋላ ከንፈርዎ አያብጥም? ትንፋሽዎስ ሳይቆራረጥ ይገባል፣ ይወጣል? መልስዎ «ደህና ነኝ» እንደሚሆን ተስፋዬ ጽኑ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ቤቴ ውስጥ በየማዕዱ መጨረሻ የምጠይቅ ሴት ስለሆንኩ ለማንም ሰው ከዚህ የተሻለ የጤና ምኞት አላውቅም፤ ምኞቴም ከልብ ነው።

እኔ መጋረጃ ሰፍቼ የማድር ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። በመጠበቂያ ክፍላችሁ ብዙ ስለተቀመጥኩ ምናልባት ሲያልፉ አይተውኝ ይሆናል፤ ካላዩኝም መስኮታችሁ ላይ የተሰቀለውን ግራጫ መጋረጃ ትኩር ብላ ስታይ የነበረችው ሴት እኔ ነኝ። የታችኛው ጠርዙ ተተርትሮ መሬት ይጠርጋል። ለመናገር አፍሬ ነው እንጂ መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም ነበር።

ባለቤቴ የስፖርት መምህር ነው። ልጃችን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትተኛ ደረቷ ሲር ሲር ስለሚል አባቷ በሙያው ቋንቋ «ፊሽካዬ» ይላት ነበር፤ እኛም ወደድነው፣ ጎረቤቱም ለመደው፣ እሷም ስሟን ሲጠይቋት ይህንኑ ትናገር ነበር። ያ ስንስቅበት የኖርነው ፊሽካ የሕመም ምልክት መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። አሁን አባቷ በስሟ ነው የሚጠራት፤ ሲጠራትም የሌላ ሰው ልጅ የሚጠራ ይመስላል።

አራተኛዋ የቤታችን ሰው የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ይህ ደብዳቤ ከምንም በላይ ስለ እርሳቸው ስለሆነ በትዕግሥት እንዲተዋወቋቸው እለምናለሁ። እማማ ፊደል የቆጠሩት ፀጉራቸው ነጭ ከሆነ በኋላ ነው። ማንበብ ከቻሉባት ቀን ጀምሮ እቤታችን ውስጥ በዝምታ የታለፈ ጽሑፍ የለም። የሳሙናው መጠቅለያ፣ የክብሪቱ ሳጥን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ በመስኮት የሚታየው የአውቶቡስ ጎን፣ ሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበባል። መነጽራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ማንጠልጠያውን ከመጋረጃ ማሰሪያ ገመድ የገመድኩላቸው እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ሆን ብለው አንድ የሚነበብ ነገር ፈልገው ያነቡና እንግዳው እስኪያደንቃቸው ይጠብቃሉ። ልጄንም ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። «የቤቱ አንባቢ» ብለን ሾምናቸው። ሹመታቸው እንደ እርስዎ ደሞዝ አልነበረውም፤ ሥራው ግን ይሠራበት ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ደጅ ስጠና ጸሐፊዎ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔም የመጣሁ ዕለት ሁሉ ጊዜዎ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ።

አንደኛ፤ በመጠበቂያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ስላለው ትምህርታዊ ጽሑፍ ነው። «የምግብ ተጨማሪዎች የማይስማሙትን ሰው በምን እንለየዋለን?» ይላል። የቆዳ ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ የፊትና የጆሮ መቅላት፣ የከንፈርና የዐይን ቆብ ማበጥ፣ የአፍንጫ መፍሰስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሁሉም በሥዕል ተደግፎ ተደርድሯል። ግርጌው ላይም ምልክቱ አንድን ነገር ከበሉ በኋላ ተደጋግሞ ከመጣ የበሉትን አስተውሉ፣ ሐኪም አማክሩ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ሩጡ ይላል። አንድ ነገር አልጎደለውም፤ የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ። የተለጠፈው ግን ከበሩ ኋላ ነው። በሩ ሲከፈት ይሸፈናል፤ በሩ ደግሞ አየር እንዲገባ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። እኔ ያነበብኩት አንድ ቀን ነፋስ በሩን ድርግም አድርጎ ስለዘጋው ነው። ነፋሱን በመምሪያዎ ስም አመስግኜዋለሁ።

ያ ጽሑፍ ከበሩ ኋላ ወጥቶ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ደርሶ ቢሆን ኖሮ እኛ ያን ሁሉ ባልተንከራተትን ነበር። ምክንያቱም ልጄ ምልክቷን ደብቃ አታውቅም። ቀለም ያለው ከረሜላ ወይም መጠጥ በቀመሰች ቁጥር መጀመሪያ ጆሮዋ ይቀላል፤ ቀጥሎ አንገቷን ትፎክታለች፤ ቀጥሎ ትስላለች፤ ከዚያ ፊሽካው ይነሳል። ተራው አይዛነፍም። ሰው ግን አንዷን ምልክት ብቻ እያነሳ የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አስተማሪዋ መቁነጥነጧን አይታ ሥርዓት አልያዘችም አለች። ጎረቤታችን ሆዷን መያዟን አይታ የሆድ ትል ነው ብላ ማለች። የመጀመሪያው ሐኪም ሳሏን ሰምቶ ብርድ ነው አለን። ሁለተኛው ሥራዬን ጠየቀኝና ነገሩ ሁሉ ገባው፤ ከጨርቁ ብናኝ ነው አለኝ። እኔም የስፌት መኪናዬን ከክፍላችን አውጥቼ ኮሪደር ላይ ተከልኩና በመጪ ሂያጁ እግር መሃል ስቀመቅም ከረምኩ። ልጄ ትናፍቀኝና እዚያው ድረስ ትመጣለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካንማ ከረሜላዋን እየጠባች ትስልልኝ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁጥሮቹ ነው። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አገኘን፤ የምንሠራውን ትታ የምንበላውን የጠየቀችን የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ቀለም የገባበትም ሆነ የታሸገ ነገር ሁሉ ለጊዜው ይቁም፣ ከዚያ በእኔ ቁጥጥር አንድ በአንድ እየመለስን እናያለን አለች። አቆምን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ልጅቷ ወደተኛችበት ገባ አለና እንደ እብድ ጠራኝ። የለመደውን ፊሽካ አጥቶባት ነው። ሮጬ ስገባ ልጄ እንደ ማንኛውም ሰው ልጅ ትተነፍሳለች። ሁላችንም አልጋዋ አጠገብ ቆመን ያንን ዝምታ አዳመጥነው። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን በአንድ እጃቸው ጠረጉ፣ በሌላው የልጄን እግር ይዘው ነበር።

እየቆየም የማይስማማት ነገር ተለየ፤ አንድ ብርቱካንማ ማቅለሚያና መጠጥ እንዳይበላሽ የሚጨመር አንድ ማቆያ። ሐኪሟ ቁጥራቸውን ነገረችን። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በሚያጸድቁት መለያ ላይ እነዚህ ነገሮች ስም የላቸውም፤ እንደ እስረኛ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ቁጥሩም የሚታተመው ወረቀቱ ጠርሙሱን ዞሮ በሙጫ ከራሱ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ነው። እኔ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሰው የሚሸሽገውን ነገር ስፌት ውስጥ እንደሚያስገባ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሥራችሁን አደንቃለሁ። ፊደሉ ጉንዳን ቀለም ረግጣ የሄደችበት ይመስላል። በፊት ለፊቱ ግን አንድ ያማረ ብርቱካን ተገምሶ ጭማቂው ሲፈስ ተሥሏል፤ ብርቱካን ሥዕሉ ላይ እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ የለም። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ በትልልቁ፣ ማንም እንዲያነበው ሆኖ፣ «የተፈቀደ ማቅለሚያና ማቆያ የያዘ» ተብሎ ተጽፏል።

ሦስተኛ፤ ስለዚችው ቃል ነው። ሐኪሟ ስታሰናብተን እማማም ባሉበት «ከተፈቀደላት ውጪ ምንም ነገር እንዳትቀምስ» አለችን። እማማ ይህችን ቃል እንደ አደራ ተቀበሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ሕግ «የተፈቀደ ብቻ» ሆነ። ለጎረቤት ልጆች አወጁት። የልደት ጥሪ ሲመጣ በር ላይ ቆመው ለጠሪዎቹ ያስረዳሉ። ሥርዓት አልያዘችም ላለችው አስተማሪ ሳይቀር ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ነገሯት። ልጄም ሰው የሚበላ ነገር ሲሰጣት ሳትቀበል ወደ አያቷ ዞራ «እማማ፣ ተፈቅዷል?» ትላለች፤ እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ያነቡና ይፈርዳሉ። ሁለቱም በዚህ ሥራ እንዴት ይኮሩ እንደነበር ልነግርዎ አልችልም። እንዲህ ሆነን በሰላም ኖርን።

ትምህርት የተዘጋ ዕለት ልጄ ጥሩ ውጤት አመጣች። እኔ ደንበኛ ቤት መሰላል ላይ ወጥቼ መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር፤ ባለቤቴም ገና አልገባም። እማማ ልጅቷን በሚያምር ነገር ሊሸልሟት ብቻቸውን ወደ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ በኋላ እንደነገረኝ፣ ጠርሙሱን ሁሉ ከመደርደሪያ እያስወረዱ፣ ከኋላቸው የቆመው ሰው እያጉረመረመ፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አንድ በአንድ አነበቡ። ባለሱቁ ሰልችቶት «እማማ፣ መጠጥ ነው'ኮ፣ ምን ይነበባል?» ቢላቸው «አንተ ሳታነብ ሽጥ፣ እኔ ሳላነብ አልገዛም» አሉት። በመጨረሻ ከአንዱ ላይ ያችን ቃል አገኙ። የ፣ ተ፣ ፈ፣ ቀ፣ ደ። በጣታቸው እየተከተሉ ደግመው አነበቧት፤ ፊታቸው በራ አለኝ ባለሱቁ። ደረጃው ላይ ላገኟት ጎረቤታችንም ጠርሙሱን ከፍ አድርገው አሳይተው «አየሽ፣ ሐኪሟ የነገረችንን ጠርሙሱ ላይ ጽፈውልናል! ለእኛ ልጅ እንኳ የሚያስብ ባለሥልጣን አለን» አሏት።

ምስጋናው ለእርስዎ ስለሆነ ሳላጓድል አድርሻለሁ።

ስመለስ ባለቤቴ ልጃችንን ታቅፎ፣ እማማም ጠርሙሱን እንደያዙ ተከትለውት ከበር ሲወጡ ነው የደረስኩት። ጆሮዋ ቀልቷል፤ ከንፈሯ አብጦ የእሷ አይመስልም፤ አንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች። ፊሽካው እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደ፤ መኪና ውስጥ ሳለን ጭራሽ ጠፋ። ያን ቀን የሰማነው ዝምታ የመጀመሪያው ዓይነት አልነበረም። ሆስፒታል ስንደርስ ከእጃችን ነጥቀው ወሰዷት፣ መርፌ ወጓት፣ ኦክስጅን አደረጉላት። እኔ መተላለፊያው ላይ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ። እማማ ግን አልተቀመጡም። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር እየተከተሉ «ተፈቅዷል ይላል ልጄ፣ ይኸው አንብበው፣ ተፈቅዷል ይላል» ይሉ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር ለመኗት። አንዷ ነርስ እጃቸውን ይዛ ጠርሙሱን በቀስታ ወሰደችባቸው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ አንጀቴን እንደዚያ የቆረጠው ነገር የለም።

ልጄ ተርፋለች። ሐኪሞቹ ደርሰውላት ነው።

አራተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ይቅርታ መጠየቅ ነው። ልጄ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነርሷ የመለሰችልኝን ጠርሙስ ይዤ ወደ መምሪያዎ መጣሁ። ዘበኛው ወደ ጸሐፊዋ፣ ጸሐፊዋ ወደ መዝገብ ቤት፣ መዝገብ ቤቱ ወደ አንድ ባለሙያ መሩኝ። ባለሙያው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ጠርሙሱን አገላብጦ አየ፣ ለልጄም አዘነ። ከዚያ በእርጋታ አስረዳኝ። ውስጡ ያለው ሁሉ ሕጋዊ ነው፤ መጠኑም ከልክ አላለፈም፤ አብዛኛው ሰው ጠጥቶት አንዳች አይሆንም። «የተፈቀደ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ፋብሪካው ፈቃድ ባለው ነገር መጠቀሙን የምታሳይ ናት እንጂ ለጠጪው የተነገረች አይደለችም።

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጠርሙስ ላይ የሚጻፍ ነገር ለሚጠጣው ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ የእርስዎና የፋብሪካው የግል ደብዳቤ ኖሯል፤ እኛ መንገድ ላይ ከፍተን አንብበነዋል። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን እማማም ያውቃሉ፤ ፊደል ያስቆጠሯቸው ሰዎች የትኛው ጽሑፍ ለእኛ፣ የትኛው ለእናንተ እንደሆነ መለየት ስላላስተማሯቸው ነው። በቤተሰቤ ስም ስለ ድፍረታችን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለእናንተ የሆነው ቃል መጋጠሚያው ላይ ቢሸጎጥ፣ ለእኛ የሆነው የማቅለሚያው ስም ደግሞ ከሥዕሉ ሥር በትልቁ ቢወጣ አንሳሳትም ነበር፤ ይህን ማለት ግን በሥራዎ መግባት ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ።

አምስተኛውን በቁጥር ላስገባው አልቻልኩም፤ እንዲሁ ልንገርዎ።

ክቡር ሆይ፣ እማማ ማንበብ ትተዋል። መነጽራቸውን በማንጠልጠያው ጠቅልለው የልብስ ሳጥናቸው ሥር ከተቱት። አውቶቡስ ሲያልፍ መሬት መሬት ያያሉ። ልጄ ውሃ ስትጠይቃቸው እጃቸው ወደ ብርጭቆው ይሄድና መሃል ላይ ይቀራል፤ «እናትሽን ጥሪ» ይሏታል። ውሃ'ኮ ነው። እሷ ስትበላ ክፍሉን ለቀው ይወጣሉ፤ ለራሳቸውም ብቻቸውን ሆነው አንድ ሁለቴ ቀምሰው ይተዉታል፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ሁለት ጊዜ አጥብቤላቸዋለሁ። ልጄ መጀመሪያ አኩርፈውኛል ብላ አለቀሰች፤ አሁን አሁን ከእሳቸው ምንም መጠየቅ ትታለች። በፊት አንድ ላይ ተጋድመው ያነቡበት የነበረው አልጋ ላይ ጫፍና ጫፍ ይቀመጣሉ። እኔ ለመንኳቸው፣ ባለቤቴ ተቆጣ፣ ሐኪሟ ራሷ በስልክ አስረዳቻቸው፤ አልሆነም። «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የቃሉ ነው» ስላቸው ሁልጊዜ የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ «የታተመ ነገር አይሳሳትም። እኔ ነኝ በእርጅናዬ ፊደል ልወቅ ያልኩት። መሃይም ሆኜ ቀርቼ ቢሆን ልጅቷ ምንም ባልሆነች።»

ልጄ ግን ማንበብ አልተወችም። ባለፈው ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር የተተከለ ሰሌዳ ላይ «መኪና ማቆም የተፈቀደበት» የሚል አነበበችና እጄን ጎትታ ወደ ማዶ አሻገረችኝ።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሳ አልፈልግም፤ ክስም አልመሠርትም። በመምሪያዎ ወረቀት ላይ፣ በመምሪያዎ ማኅተም፣ «እማማ፣ እርስዎ በትክክል አንብበዋል። የተሳሳትነው የጻፍነው እኛ ነን።» ብለው ይጻፉላቸው። እማማ ከእኔ አፍ ያልተቀበሉትን ከማኅተም ይቀበላሉ። የታተመ ነገር አይሳሳትም የሚሉ ሰው ስለሆኑ እርስዎ ካተሙት ያምኑታል። አደራ ግን ፊደሉን ተለቅ ያድርጉት፤ መነጽራቸውን ከሳጥኑ እስኪያወጡ ድረስ ያለ መነጽር እንዲታያቸው ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ውሃውን ቀድቼ ብርጭቆውን በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ፤ የቀረውን እነሱ ሁለቱ ይጨርሱታል።

ከበርዎ ኋላ ያለውን ጥበብ በነፋስ ቸርነት የተማርኩ፣ የክቡርነትዎንና የፋብሪካውን ደብዳቤ ሳይፈቀድልኝ ያነበብኩ፣ የተተረተረውን የመጋረጃዎን ጠርዝ ያለ ክፍያ ለመቀምቀም መርፌና ክር ይዤ የምጠባበቅ፣ ረጅም ዕድሜና ያልተቆራረጠ ትንፋሽ የምመኝልዎ ታዛዥዎ፣

መጋረጃ ሰፊዋ፣
የፊሽካ እናት፣ የእማማ ምራት

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ በእጄ ለጸሐፊዎ ሰጥቼ መልስ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ትናንት ከቢሮዎ «አቤቱታ ማቅረብ ለማንኛውም ዜጋ የተፈቀደ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ ስለደረሰኝ፣ በፈቃድዎ መሠረት ለሕዝብ እንዲነበብ አውጥቼዋለሁ። በመሃሉ እማማ አርፈዋል። ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ ያድርጉት ያልኩዎትን ይሰርዙልኝ፤ እንደ ቁጥሮቹ አሳንሰው ቢጽፉትም አይከፋኝም። መቃብሩ ሩቅ አይደለም። አጠገባቸው ቆማ ጮክ ብላ የምታነብላቸው ልጄ ናት፤ የእሷ ዐይን ደህና ነው።